የደጋው ልጅ፣ የቆላው ንዳድ፦ አዊ ከ1999 ቆጠራ ወዲህ

ጥቅምት ሲጋመስ የዳንግላ መናኸሪያ በተመላሽ ወጣቶች ይሞላል። ከጃዊ፣ ከፓዊ፣ አንዳንዶቹም ከመተማ ድረስ ሰሊጥ ሲያርሙና ሲያጭዱ ከርመው የሚመጡ ናቸው። ብርድ ልብሳቸውን ጠቅልለው በገመድ አንግተዋል፤ ፊታቸው በፀሐይ ጠቁሯል። ከመሀላቸው በጠራራ ፀሐይ ጋቢውን እስከ አፍንጫው ተከናንቦ፣ ግድግዳ ተደግፎ የሚንቀጠቀጥ አይታጣም። ሻይ የምታፈላው ሴት ሐኪም መጠየቅ አያስፈልጋትም። «ወባ ነው፤ ጤና ጣቢያ ውሰዱት እንጂ!» ትላለች ለጓደኞቹ። እሱ ግን ጉልበቱን ሸጦ ያገኛትን ብር ይዞ ከሁሉ በፊት ቤቱ መድረስ ይፈልጋል። ቤቱ ደጋ ነው፤ ባንጃ ወይም ፋግታ ለኮማ፣ በቀርከሃ የታጠረ ግቢ፣ ሌሊቱ አጥንት ድረስ የሚዘልቅ ብርድ ያለበት፣ የወባ ትንኝ እምብዛም የማትታወቅበት አገር።

ይህ ልጅ ለምን ወረደ? ምን ይዞ ተመለሰ? ማንስ ይቆጥረዋል? የአዊን ሕዝብ ጤንነትና የኑሮ ሁኔታ ለመረዳት ከእነዚህ ሦስት ጥያቄዎች የተሻለ መነሻ አላገኘሁም።

በአማራ ክልል ያለው የአዊ ዞን በአንድ አስተዳደር ሥር ያለ ሁለት አገር ነው። አንደኛው አስፋልቱ የሚያልፍበት ደጋ ነው፦ ከባሕር ወለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ የተቀመጠችው እንጅባራ፣ በጥንት እሳተ ገሞራ አፍ ላይ ውኃ ተጠራቅሞ የተፈጠረው የዘንገና ሐይቅ፣ ድንችና ገብስ የሚያበቅለው ቀይ አፈር፣ በ1932 ዓ.ም. የተመሠረተው የአገው ፈረሰኞች ማኅበር ጥር 23 ቀን ለጊዮርጊስ የሚሰበሰብበት ሜዳ። ሁለተኛው ከዳንግላ ወደ ምዕራብ ሲኬድ፣ መሬቱ ወደ በለስ ወንዝ እያዘቀዘቀ ሄዶ የሚያልቅበት ጃዊ ነው፤ ሙቀቱ ሌላ፣ በሽታው ሌላ፣ ሰዉም ከየአቅጣጫው የመጣ። ዋናውን መንገድ ተከትሎ ከባሕር ዳር ወደ አዲስ አበባ የሚያልፍ መንገደኛ አዊን ሩቅ አገር አይለውም። ነፍሰ ጡር ይዞ ከአስፋልቱ ወዲያ ወዳለው ቀበሌ ለሚጓዝ ሰው ግን ርቀት ከመኪናው ከወረደበት ይጀምራል።

ልጁ ለምን ወረደ ለሚለው መልሱ መሬት ነው። በ1989 ዓ.ም. የአማራ ክልል የገጠር መሬትን እንደገና ደለደለ፤ ጎጃም ውስጥ ሽግሽጉ ብዙ ቤት ነክቷል። ያን ጊዜ ለአካለ መጠን የደረሰ ድርሻውን አገኘ። ከዚያ ወዲህ እንደዚያ ያለ ሰፊ ድልድል አልተደረገም። በዚያ ዓመት የተወለደ ልጅ ዛሬ ሠላሳ ዓመት እየተጠጋው ነው፤ ያለው መሬት አባቱ ቆርሶ የሚሰጠው ነው። አባትየው አራት ወንድ ልጆች ካሉት ቁራሹ ጎጆ ከመውጣት አያልፍም። ወጣቱ ትዳር ያዘገያል፣ ወይም አግብቶ በእኩል ያርሳል፣ ወይም ክረምት ሲገባ ወደ ቆላ ይወርዳል። አዊ ውስጥ የሕዝብ ጥናት በወረቀት ከመሠራቱ በፊት በእርሻ ድንበር ላይ ተሠርቷል።

በመሀል አንድ ዛፍ ብዙ ወጣት ደጋ ላይ አቆይቶ ነበር። ከአውስትራሊያ የመጣው ዲከረንስ ፋግታ ለኮማና አካባቢው ላይ ማሳ ለማሳ ተስፋፋ። ገበሬው በመጀመሪያው ዓመት ከጤፍ ጋር ይተክለዋል፤ ቀጥሎ በዛፉ መሀል ሣር ያጭዳል፤ በአራተኛው ወይም በአምስተኛው ዓመት ቆርጦ ከሰል ያከስላል። ከሰሉ አዲስ አበባ ድረስ ይሄዳል። መሬት የሌለው ወጣት የሰው ዛፍ በኮንትራት ይቆርጣል፣ ያከስላል፣ ይጭናል። ጭሱ ለዓይንና ለሳንባ መጥፎ መሆኑን የሚያከስሉት ሰዎች ከማንም በላይ ያውቁታል፤ ገንዘቡ ግን ቤት አጠገብ ነበር። ከ2012 ዓ.ም. ወዲህ ዝገት የሚመስል የፈንገስ በሽታ ዛፉን ይመታው ጀመር፤ ብዙ ማሳ ደረቀ። ልጁን ደጋ ላይ ያሰረችው ገመድ እንዲህ ስትላላ የጃዊ መንገድ እንደገና ያጓጓዋል።

አሁን ወደ ቁጥሩ። የ1987 ቆጠራ በአዊ 717,085 ሰው አገኘ። ግንቦት 20 ቀን 1999 በተጀመረው ቆጠራ ደግሞ 982,942 ሆነ። ይህ በአሥራ ሁለት ዓመት ተኩል ውስጥ የ37 በመቶ ጭማሪ ነው። በዚያው ጊዜ የአማራ ክልል ሕዝብ ከ13.8 ሚሊዮን ወደ 17.2 ሚሊዮን ነው ያደገው፤ ሩብ ያህል ብቻ። የክልሉ ቁጥር ከተተነበየው ከ2 ሚሊዮን በላይ አንሶ መገኘቱ በፓርላማ ሳይቀር ማነጋገሩን ብዙዎች ያስታውሳሉ። በዚያ ክርክር መካከል አዊ ከክልሉ አማካይ አልፎ ማደጉ ብዙ ትኩረት አላገኘም። አንድ ቤተሰብ በአማካይ 4.56 ሰው ነበረው፤ ከመቶው ሰው ሰማንያ ሰባቱ የገጠር ነዋሪ ነበር። እንዲህ ያለ እድገት ከወሊድ ብቻ የመጣ አይመስለኝም፤ ቆላው ሰው እየሳበ ነበር። በድንበሩ ማዶ መተከል ውስጥ ደርግ ከ1977ቱ ድርቅ በኋላ ከ80 ሺህ በላይ ሰው በፓዊ አስፍሯል፤ በወዲህ በኩልም ጃዊ ደን እየተመነጠረ፣ ሰፋሪ እየገባ፣ ቆይቶም የስኳር ፕሮጀክቱ ሠራተኛ እየጨመረበት ሄደ። ጃዊ ራሱ ከዳንግላ ተቆርሶ ወረዳ የሆነ ነው።

ከዚያ በኋላ ቆጠራ የለም። አራተኛው የሕዝብና ቤት ቆጠራ በ2010 ይካሄዳል ተብሎ ነበር፤ ተራዘመ። በ2011 በአገሪቱ በነበረው አለመረጋጋት ምክንያት እንደገና ተራዘመ፤ እስካሁንም አልተካሄደም። በ1999 በእናቷ ጀርባ ታዝላ የተቆጠረች ሕፃን ዛሬ የራሷን ልጅ አዝላ ክትባት ታስከትባለች። ለእሷም ለልጇም የሚመደበው የክትባት ጠርሙስ፣ የአጎበር ብዛት፣ የአዋላጅ ነርስ ቁጥር የሚሰላው እሷ ጀርባ ላይ ሳለች ከተገኘው ቁጥር በተሠራ ትንበያ ነው። ትንበያ ደግሞ ከጃዊ ማን እንደሸሸ፣ ማን እንደሰፈረ፣ ማን ለሦስት ወር ብቻ እንደመጣ አያውቅም።

ስለ ጤናው የምናውቀውን አብዛኛውን የምናገኘው ከየጊዜው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ነው። ያ ጥናት የተነደፈው በክልል ደረጃ እንዲናገር ስለሆነ ለዞን አስተማማኝ ቁጥር አያወጣም፤ አዊ በአማራ አማካይ ውስጥ ተሸፍኖ ይቀራል። አማካዩ ግን ራሱ የሚያስደንቅ ነው። በ1992 በአማራ ክልል አንዲት ሴት በሕይወት ዘመኗ በአማካይ ወደ 5.9 ልጆች ትወልድ ነበር። በ1997 ወደ 5.1፣ በ2003 ወደ 4.2፣ በ2008 ወደ 3.7 ወረደ። በአንድ ትውልድ ውስጥ፣ አብዛኛው ሕዝብ አራሽ በሆነበት አገር፣ ከየቤቱ ሁለት ልጅ ቀነሰ ማለት ነው። ያን ያህል ለውጥ በፋብሪካና በከተማ ባደጉ አገሮች ብዙ አሥርት ዓመታት የፈጀበት ጊዜ አለ። እዚህ ፋብሪካ አልነበረም። የመሬቱ መጣበብ ነበረ፤ የሴት ልጅ ትምህርት ነበረ፤ በየቀበሌው ደግሞ ሁለት ሴቶች ነበሩ።

ስለእነዚህ ሴቶች ረዘም አድርጌ መናገር እፈልጋለሁ፤ የሚገባቸውን ያህል አልተነገረላቸውምና። የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም በ1995 ዓ.ም. ሲጀመር ሐሳቡ ቀላል ነበር፦ አሥረኛ ክፍል የጨረሱ ሴቶችን ከአካባቢያቸው መርጦ አንድ ዓመት ማሠልጠን፣ ደመወዝ መቁረጥና ሁለት ሁለት አድርጎ በየቀበሌው መመደብ። በመላ አገሪቱ ቁጥራቸው ከ30 ሺህ አለፈ። የጤና ኬላዋ ብዙ ጊዜ ሁለት ሦስት ክፍል ያላት ቤት ናት። ግድግዳው ላይ በእጅ የተሳለ የቀበሌው ካርታ፣ የእርጉዞች ዝርዝርና የክትባት ሠንጠረዥ ይለጠፋል። መደርደሪያው ላይ የቤተሰብ ማኅደር ይደረደራል፤ ለአንድ ቤት አንድ ማኅደር። ውስጡ የቤቱ ሰው ብዛት፣ መጸዳጃ መኖር አለመኖሩ፣ የአጎበሩ ነገር፣ ማን መውለጃዋ እንደደረሰ፣ የማን ልጅ ክትባት እንዳቋረጠ ተጽፏል። በአብዛኛው ቀበሌ ለሰዉ ከዚህ የሚቀርብ የሕዝብ መዝገብ የለም።

ሥራው ግን ከኬላው ውጭ ነው። ሠራተኛዋ በጭቃው ጎማ ጫማዋን ተጫምታ፣ ውሻ እያባረረች ከቤት ቤት ትዞራለች። «እማማ፣ ምራትዎ ስንት ወሯ ነው?» ብላ ስትጠይቅ «ምን አውቄ ልጄ፤ ከፍልሰታ ወዲህ ደኅና አይደለችም» የሚል መልስ ይመጣላታል። ከፍልሰታ ወደ ፊት ቆጥራ የመውለጃ ወሯን ትገምታለች፤ ስሟን ትጽፋለች፤ ወሩ ሲገባ ደግሞ ጤና ጣቢያ አጠገብ ወዳለው የእናቶች ማቆያ እንድትሄድ ባልና አማትን ታግባባለች። እንዲህ ባለ ንግግር ነው በጤና ተቋም የሚወልዱ እናቶች ቁጥር በአገር ደረጃ በ2003 ከነበረው 10 በመቶ በ2008 ወደ 26፣ በ2011 ወደ 48 በመቶ የወጣው። ከ2001 ጀምሮ በክንድ የሚቀበረውን የወሊድ መከላከያ እነዚሁ ሴቶች በቀበሌው ውስጥ እንዲሰጡ ተፈቀደላቸው። በ2008 በአማራ ክልል ካገቡ ሴቶች መካከል 47 በመቶ ያህሉ ዘመናዊ መከላከያ ይጠቀሙ ነበር። ባሏ የማያውቅባት ሴት የሦስት ወሩን መርፌ በገበያ ቀን ትወጋ ነበር፤ የሚያምናት ባል ያላት ደግሞ ኬላው ድረስ ይዟት ይመጣል። ሁለቱም በማኅደሩ ውስጥ አሉ፤ ሠራተኛዋም የአንዷን ምስጢር ለሌላዋ አትናገርም።

ይህን ሁሉ ስናገር ያልተነሡ ሸክሞች እንዳሉ አልዘነጋም። ዕድሜያቸው ከ25 እስከ 49 የሆነ የአማራ ክልል ሴቶች ግማሾቹ 16 ዓመት ገደማ ሳይሞላቸው እንዳገቡ የ2008ቱ ጥናት አሳይቷል፤ ይህ ከመላ አገሪቱ ዝቅተኛው ነበር። ሕጉ 18 ይላል። ባሕር ዳር ላይ በ1997 የተከፈተው የሐምሊን ፊስቱላ ማዕከል የሚያክማቸው ሴቶች ብዙዎቹ ገና ሰውነታቸው ሳይጠና ለወሊድ ምጥ የተዳረጉ ናቸው።

ለእኔ ከሁሉ የሚከብደው የሕፃናቱ መቀንጨር ነው። በ2008 በአማራ ክልል ከአምስት ዓመት በታች ካሉ ሕፃናት 46 በመቶው ለዕድሜያቸው አጭር ነበሩ፤ ከክልሎች ሁሉ ከፍተኛው። ይህ ቁጥር የሚነገረው ድርቅ ስለሚመታው ዋግ ብቻ ቢሆን ኖሮ ለመረዳት ቀላል ነበር። ነገር ግን ዝናብ በማያጣው፣ ድንቹን፣ በቆሎውንና ጤፉን ለሌላው በሚሸጠው ምዕራቡም የቀነጨረ ልጅ ሞልቷል። ጎተራው ሙሉ ሆኖ የልጁ ሳህን ለምን ይጎድላል? እንቁላሉና ቅቤው ጨውና ደብተር ለመግዛት ገበያ ይወጣል። በጾም ወራት ቤቱ ውስጥ የፍስክ ዕቃ ስለማይነካካ ጾም የማይመለከተው የሁለት ዓመት ሕፃንም አብሮ ይጾማል። እናቲቱ በእርግዝናዋም በአራስነቷም እንጨትና ውኃ ትሸከማለች፤ ውኃው ካልተጣራ ጉድጓድ ከሆነ ተቅማጡ የበላውን ያጥበዋል። መንግሥት በሐምሌ 2007 መቀንጨርን ለማጥፋት የሰቆጣ ቃል ኪዳንን ሲያውጅ ሥራው የተጀመረው በተከዜ ተፋሰስ በሚገኙ ወረዳዎች ነው፤ ችግሩ በዓይን የሚታየው እዚያ ነበርና። ትርፍ አምራች ተብሎ የተመደበ አካባቢ ልጆቹ መቀንጨራቸውን በምን ያስረዳል? በልኬት ብቻ። በየወሩ የሕፃኑን ክብደት የምትመዝነውና ቁመቱ መቅረቱን የምታየው ደግሞ ያቺው የቀበሌ ሠራተኛ ናት።

እግርም አለ። የአዊ ደጋ ቀይ አፈር ከእሳተ ገሞራ ድንጋይ የተፈጠረ ነው፤ ከፍታው ከ1,500 ሜትር በላይ፣ ዝናቡ በዓመት ከ1,000 ሚሊ ሜትር በላይ። በባዶ እግር ለሚያርስ ሰው ይህ ጥምረት አደገኛ ነው። ብሪታንያዊው ሐኪም ኧርነስት ፕራይስ በኢትዮጵያ ባደረገው ጥናት እንዳሳየው፣ የዚህ አፈር ደቃቅ ብናኝ በእግር ቆዳ ገብቶ የሊምፍ መስመሩን ያቆስለዋል፤ እግሩ ከዓመት ዓመት እያበጠ ይሄዳል። ፖዶኮኒዮሲስ የተባለው ይህ የዝሆኔ ዓይነት ከትንኝ አይመጣም፤ ከሰው ወደ ሰውም አይተላለፍም። በኢትዮጵያ ሕሙማኑ 1.5 ሚሊዮን ያህል እንደሚሆኑ ተገምቷል። «የዘር ነው»፣ «እርግማን ነው» እየተባለ ግን ከዚያ ቤት ልጅ ማግባት ይፈራል፤ የታመመውም ከሠርግና ከቤተ ክርስቲያን እየራቀ ይሄዳል። በምሥራቅ ጎጃም፣ አነደድ ወረዳ፣ 696 ሕሙማንን አሳትፎ የተደረገ ሙከራ እግርን በሳሙናና በውኃ ማጠብ፣ ቅባት መቀባት፣ በፋሻ መጠቅለል፣ ካልሲና ጫማ ማድረግ ትኩሳት ያለውን ድንገተኛ ሕመም እንደሚቀንስ አረጋግጧል። ሕክምናው ይኸው ነው። ለአንድ ሕፃን ጫማ መግዛት አንድ ሰው እስከ ዕድሜው መጨረሻ እንዲራመድ ማድረግ ነው።

ወደ ወባው ልመለስ። በ1951 ዓ.ም. በኢትዮጵያ ደጋማ አካባቢዎች የተነሣው ወረርሽኝ 3 ሚሊዮን ሰው አሞ 150 ሺህ ያህል እንደገደለ ይገመታል። የወባ ማጥፊያ ድርጅት የተቋቋመው ከዚያ በኋላ ነው። ያ እልቂት ያስተማረው ነገር አለ፦ ደገኛው ሰውነቱ ወባን ስለማያውቅ ሲያዝ ክፉኛ ይያዛል። በኋለኞቹ ዓመታት አጎበር፣ የቤት ውስጥ ርጭትና ፈጣን መመርመሪያ በሽታውን ክፉኛ አዳክመውት ነበር። አሁን አገግሟል። የዓለም ጤና ድርጅት በአውሮፓውያኑ 2024 እስከ ኦክቶበር 20 ድረስ ብቻ በኢትዮጵያ ከ7.3 ሚሊዮን በላይ ሕሙማንና 1,157 ሞት መመዝገቡን አስታውቋል።

መከላከያው የተሠራው ቤት ላለው ሰው ነው። ርጭቱ ግድግዳ ይፈልጋል፤ አጎበሩ አልጋ ወይም ጣሪያ ይፈልጋል። የቀን ሠራተኛው ማሳ ዳር በላስቲክ ዳስ ውስጥ፣ ከሌሎች ጋር ተደራርቦ ያድራል። አጎበር ሲታደል በጃዊ መዝገብ የለም፤ በፋግታ ለኮማ መዝገብ ደግሞ ቀበሌው ደጋ ስለሆነ አይታደለውም። ከ2,000 ሜትር በላይ ያለው መሬት ለረጅም ጊዜ ከወባ ነፃ ተብሎ ነው የታቀደለት። ቫይቫክስ የተባለው የወባ ዓይነት ደግሞ ጉበት ውስጥ ተደብቆ ከወራት በኋላ ይቀሰቀሳል፤ ጥቅምት ላይ ዳንግላ የተንቀጠቀጠው ልጅ ሚያዝያ ላይ እንጅባራ አጠገብ እንደገና ሊወድቅ ይችላል። የተደበቀውን ለመንቀል በተለምዶ ለ14 ቀናት የሚዋጥ ፕሪማኪን አለ። ስለዚህ የደጋ ኬላዎች በመኸር ወራትም ከዚያም በኋላ መመርመሪያና መድኃኒት ሊኖራቸው ይገባል። ለዚህ ደግሞ ከየቀበሌው ስንት ሰው ወደ ቆላ እንደወረደ ሐምሌ ላይ መጠየቅ ያስፈልጋል። በቤተሰብ ማኅደሩ ላይ አንድ መስመር መጨመር ነው።

ማኅደሩን የሚያዘምን ሰው ቀበሌው ላይ መኖር አለበት። በ2013 መተከል ውስጥ በደረሰው ጥቃት የተፈናቀሉ በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ቻግኒ አጠገብ ራንች በሚባለው ሥፍራ ሲሰፍሩ፣ የጓንጓ ወረዳ ጤና ተቋማት ያልታቀደላቸውን ሕዝብ ተቀበሉ። ሐምሌ 28 ቀን 2015 በአማራ ክልል የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ከታወጀ ወዲህ ደግሞ የትጥቅ ግጭት ራሱ ወደ ቀበሌው ገባ። መንገድ ሲዘጋ ምጥ የያዛት እናት አምቡላንስ አታገኝም፤ ክትባት ቅዝቃዜው ሳይጓደል ኬላ አይደርስም፤ ሠራተኛዋም ከቤት ቤት ለመዞር ትፈራለች። ማንም ይታኮስ ማን፣ አምቡላንስና የጤና ሠራተኛ ሊነኩ አይገባም፤ ይህን በግልጽ መጻፍ ግዴታዬ ነው።

አዊ ራሱን መለካት እንደሚችል ግን አሳይቷል። ዳንግላ ወረዳ፣ ዳንግሽታ ቀበሌ፣ ከ2006 ዓ.ም. ጀምሮ ገበሬዎች የዝናቡን መጠን፣ የወንዙን ከፍታና የጉድጓዶችን ውኃ እየለኩ መዝግበዋል። ከእንግሊዝ ኒውካስል ዩኒቨርሲቲ የመጡ ተመራማሪዎች ልኬታቸውን ከመደበኛ ጣቢያዎች ጋር አስተያይተው አስተማማኝ ሆኖ አግኝተውታል። ሕግም አለ። የወሳኝ ኩነት ምዝገባ አዋጅ በ2004 ወጥቶ ምዝገባው በ2008 መጨረሻ በመላ አገሪቱ ተጀምሯል፤ አዋጁ ልደት በ90 ቀን፣ ሞት በ30 ቀን ውስጥ በቀበሌ ይመዝገብ ብሏል። ከዚያ ቀደም ብሎ በነበረው ጥናት ግን በአገሪቱ ከአምስት ዓመት በታች ካሉ ሕፃናት ልደታቸው የተመዘገበው 3 በመቶ ያህሉ ብቻ ነበሩ። በጤና ተቋም ለተወለደ ልጅ የማሳወቂያ ወረቀት ይሰጣል፤ ቤት የተወለደው ግን ወላጆቹ ራሳቸው ካላስመዘገቡት ወደ መዝገቡ አይገባም። ሞት ከዚህም የባሰ ነው። ገጠር ውስጥ የሞተን ሰው ለማስመዝገብ ቀበሌ የሚሄድ ማን ነው? የእድሩ ጸሐፊ ግን ማን መቼ እንደሞተ በደብተሩ ይዞታል፤ ቄሱም ያውቃሉ። የቀበሌው ሥራ አስኪያጅ በየወሩ የእድሩን ደብተርና የኬላውን ማኅደር ጎን ለጎን አስቀምጦ ወደ መዝገቡ ቢገለብጥ፣ ጃዊ ውስጥ በዚህ ዓመት ስንት ሕፃንና ስንት ወጣት በንዳድ እንደሞተ ቆጠራውን ሳይጠብቅ ማወቅ ይቻላል።